የዓመቱን ምርጥ አዲስ ሙዚቃ በማን ጆሮ ልስማ? የሬዲዮ አቅራቢ፣ ተቺዎች፣ ቻርት፣ የአድማጭ ድምፅ ወይስ አልጎሪዝም

ዓመት ሊያልቅ ሲል ሁሉም ዝርዝር ያወጣል። ሬዲዮው፣ መጽሔቱ፣ አፑ፣ ጓደኛችሁ ሳይቀር "የዓመቱ ምርጥ 20" ብሎ ይለጥፋል፣ አንዱን ስትከፍቱ ግማሹን ስም ሰምታችሁት አታውቁም፣ ሌላውን ስትከፍቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳትፈልጉ የሰማችኋቸው ናቸው፣ በቃ ግራ ይገባችሁና አንዱንም ሳትሰሙ ትዘጉታላችሁ። እኔ ለዓመታት እንደዚህ ነበርኩ።

ሁሉም "ምርጥ" ይላሉ ግን የሚለኩት ነገር ለየቅል ነው። አንዱ ጋ ምርጥ ማለት ብዙ የተሰማ ነው፣ አንዱ ጋ ብዙ ተቺ የተስማማበት፣ አንዱ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሰማ ከርሞ ከልቡ አልወጣ ያለው። ሁሉንም ሰምቶ ራስ መምረጥ ደግሞ አይታሰብም። 2022 አካባቢ የትልልቅ ሙዚቃ ኩባንያ አለቆች ራሳቸው በቀን ወደ 100 ሺህ ትራክ ስትሪሚንግ ላይ እንደሚጫን ሲናገሩ ነበር፣ አንዱን በ3 ደቂቃ ብትመቱት የአንድ ቀን ጭነት ብቻ 5 ሺህ ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ ሳይኖር ከ200 ቀን በላይ። ድመት "ሺ ቢታለብ ያው በገሌ" ያለችው ለዚህ ነው መሰለኝ። ስለዚህ ከዘፈኑ በፊት መራጩን መምረጥ ይቀድማል፣ ይሄ ጽሑፍም ስለሱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መለኪያው

ማንኛውንም ዝርዝር ከመክፈቴ በፊት የማያቸው አምስት ነገሮች አሉ፣ ክብደታቸው እኩል አይደለም፣ ለኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበልጣሉ።

አንደኛ፣ ማን መረጠው? አንድ ሰው ነው፣ ሕዝብ ነው፣ ኮሚቴ ነው ወይስ ማሽን? አንድ ሰው ከሆነ ጠባዩን ማጥናት ይቻላል። ብዙ ሰው ሲሆን የግለሰብ እብደት ይጠፋል፣ መጥፎውም ጥሩውም እብደት አብሮ።

ሁለተኛ፣ "አዲስ" ሲል ከመቼ እስከ መቼ ነው? ይሄን ማንም አያየውም። የ2025ቱ ግራሚ (የአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት) ያወዳደረው ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 እስከ ኦገስት 30 ቀን 2024 የወጡትን ነው፣ የማን ዓመት እንደሆነ እንጃ። የመጽሔትና የሬዲዮ ዝርዝሮች ደግሞ ብዙዎቹ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምረው ስለሚወጡ ዲሴምበር ላይ የተለቀቀ ሥራ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ቢዮንሴ ዲሴምበር 13 ቀን 2013 ማንም ሳይነገረው አልበም ስትለቅ ስንቱ ዝርዝሩን አውጥቶ ጨርሶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከጀርባው የማን ጥቅም አለ? ዘፈን ለማስደመጥ ገንዘብ መክፈል የሬዲዮን ያህል ያረጀ ነገር ነው፣ ፔዮላ ይሉታል። አለን ፍሪድ የሚባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ዲጄ 1959 ላይ በዚሁ ጉዳይ ከሥራ ተባሮ 1962 ላይ ጥፋቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጥቷል። የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ፣ 2005 ላይም ሶኒ ቢኤምጂ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ በተመሳሳይ ጉዳይ ከኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር በ10 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል።

አራተኛ፣ የማላውቀውን ያሳየኛል ወይ? አምስተኛ፣ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል? 10 አልበም በ40 ደቂቃ ስታሰሉት ወደ 7 ሰዓት ነው፣ 50 አልበም ግን ከ33 ሰዓት ያልፋል፣ ሥራ ላለው ሰው ይሄ የሁለት ወር ፕሮጀክት ነው እንጂ ዝርዝር አይደለም።

የሬዲዮ አቅራቢ ምርጫ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚያምነውም በጣም የሚሸወድበትም ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ አቅራቢው የምር ይመርጣል ወይ? ብዙ የንግድ ጣቢያዎች ላይ በቀን ሰዓት የሚለቀቀውን የሚወስነው የጣቢያው የሙዚቃ ኃላፊ ነው፣ ቅደም ተከተሉንም ኮምፒውተር ያወጣዋል፣ አቅራቢው በመሃል ማውራት ነው ሥራው። እንደዛ አይነት ሰው "የዓመቱ ምርጫዬ" ሲል ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ ያስለቀቀውን መልሶ እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየውም ላይታወቀው ይችላል ምክንያቱም ጆሮውን ያለማመዱት እነሱ ናቸው። ማታ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሚተላለፉ ልዩ ፕሮግራሞች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አቅራቢው ራሱ ነው መራጩ። መለያው ቀላል ነው፣ የሁለት ሳምንት የዘፈን ዝርዝሩን እዩት፣ ያው አስር ዘፈን በየቀኑ እየዞረ ከመጣ ምርጫው የሰውየው አይደለም።

የምር የሚመርጥ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጆን ፒልን ማሰብ ይበቃል። ከ1967 ጀምሮ 2004 ላይ እስኪሞት ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ ሌላው ጣቢያ የማይነካውን ሁሉ ሲያጫውት የኖረ ሰው ነው፣ አንዳንዴ ሸክላውን በተሳሳተ ፍጥነት አስነስቶት እንኳን። አድማጩ የወደደው ምርጫው ሁሉ ትክክል ስለነበረ አይመስለኝም። የሱን ጆሮ ስላወቁት ነው። ሲሳሳትም በራሱ መንገድ ነው ሚሳሳተው።

እኔ የምከታተለው አንድ አቅራቢ አለ፣ ከበሮ ይወዳል፣ ድምፃዊ ብዙም አይገባውም፣ በየዓመቱ ዝርዝሩ ውስጥ ቃል የሌለው የ12 ደቂቃ ነገር ይከታል፣ እኔ ደግሞ በየዓመቱ እሱን ዘልዬ አልፋለሁ። ጉድለቱን ስለማውቅ ዝርዝሩ ይጠቅመኛል። ይሄ ሰው ድምፃዊት ካሞገሰ ግን ያለሁበት ቆሜ ነው የምሰማት፣ ምክንያቱም ያን ቃል ከሱ አፍ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የአቅራቢ ዝርዝር ውስጥ ትልቁ ምልክት ይሄ ነው በኔ እምነት፣ ሰውየው ከራሱ ልማድ ወጥቶ የመረጠው። ቻርት ውስጥም አልጎሪዝም ውስጥም እንደዚህ አይነት ምልክት ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ልማዱን የምታውቁት ሰው የለማ።

ሌላው ነገር ሬዲዮ ላይ ማለፊያ ቁልፍ የለም። ስልክ ላይ መግቢያው ካልጣመኝ በ10 ሰከንድ ነው የምዘለው፣ ስንት ዘፈን እንደዚህ እንዳመለጠኝ አላህ ይወቀው። አቅራቢው ግን ያስጨርሰኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ አባባሉ ለሐሜት ቢሆንም ሙዚቃ ላይም ይሠራል፣ ጆሮዬ ምን እንደሚወድ ያወቅኩት ራሴ የማልመርጠውን ሌላ ሰው በግድ ሲያሰማኝ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በጽሑፍ ብቻ ከምታነቡት ምርጫውን ያቀረበበትን ፕሮግራም ስሙት፣ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ የሚላት ነገር ናት ዋናዋ። "ሁለተኛው አዝማች ላይ ቤዙ የሚጠፋበትን ስሙልኝ" የሚል ሰው ሰምቶታል። "ስኬታማው አርቲስት በጉጉት የሚጠበቀውን ሥራውን ይዞ ብቅ ብሏል" የሚል ሰው ደግሞ የተላከለትን መግለጫ ነው ያነበበው።

ድክመቱስ? አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። በቀን 8 ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢሰማ 12 አልበም ነው፣ እሱም ማንም አያደርገውም። የማይሰማው ቋንቋ አለ፣ የማይደርስበት ስልት አለ። ሁለተኛ ይረሳል፣ ዝርዝሩን አውጡና ከጃንዋሪ እስከ ማርች የወጡትን ቁጠሩ፣ ከ20ው አንድም ከሌለ ሰውየው ዓመቱን አይደለም የመረጠው፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ነው። ሦስተኛ፣ የግል ጥቅም አለ። አቅራቢዎች ኮንሰርት ይመራሉ፣ ክለብ ውስጥ ያጫውታሉ፣ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ያላቸውም አሉ፣ ለምሳሌ የቢቢሲው ጊልስ ፒተርሰን ብራውንስዉድ የሚባል ሌብል 2006 ላይ መሥርቷል። ነውር አይደለም፣ በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ግን የአንድ አቅራቢ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ሌብል ሥራ ሲመጣ ማወቃችሁ ጥሩ ነው። የማያስቀው የማይነገረው ሲሆን ነው። አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ "የዓመቱ አልበም" ያለውን ቀን ሙሉ ስሰማ ውዬ ምኑ እንደተወደደ ሊገባኝ አልቻለም፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ ብዬ ራሴን ስወቅስ ከርሜ በኋላ የአልበሙ ምርቃት መድረክ መሪ እሱ ራሱ እንደነበር ሰማሁ። ወይ ነዶ።

ከዛ በኋላ አንድ ፈተና ሳልሰጥ የማንንም ዝርዝር አልከተልም። የዘንድሮውን ትቼ የሁለት ዓመት በፊቱን ዝርዝሩን እፈልግና አምስት ዘፈን ከላይም ከታችም እሰማለሁ። ወረቱ ካለፈ በኋላ ሁለቱ እንኳን ደስ ካሉኝ ሰውየውን እይዘዋለሁ። የአምናው ለዚህ አይሆንም፣ ገና ትኩስ ነው ያታልላል።

የተቺዎች ድምር

የብዙ ተቺ ምርጫ ተደምሮ የሚወጣ ዝርዝር ማለቴ ነው። የዚህ አይነቱ አባት ቪሌጅ ቮይስ የሚባል የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የነበረው ፓዝ ኤንድ ጆፕ ነው፣ 1971 ላይ ተሞክሮ ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ የኖረ። አንድ ተቺ 100 ነጥብ ይሰጠውና ለ10 አልበም ያከፋፍል ነበር፣ ለአንዱ ከ5 ያላነሰ ከ30 ያልበለጠ። ቁጥሩን ልብ በሉት፣ 30 ተቺዎች "ጥሩ ነው" ብለው 10 10 የሰጡት 300 ነጥብ ያመጣል፣ 5 ተቺዎች አብደው 30 30 የሰጡት 150። ስለዚህ አናት ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠላው ሥራ ነው። ያበደላቸው ሰዎች ያሉት ወደ ታች ነው ሚደበቀው። እኔ እንደዚህ አይነት ዝርዝር ሳገኝ የመጀመሪያዎቹን አስር አልነካም፣ እነሱ በሌላ መንገድ ይደርሱኛል፣ ከ30ኛው እስከ 60ኛው ነው የማየው። የእያንዳንዱ ተቺ ምርጫ ለየብቻ ከተለጠፈ ደግሞ ተመስገን ነው፣ ከመቶው ውስጥ ጆሮው ከጆሮዬ ሚገጥም አንድ ሰው ፈልጌ ድምሩን እተወዋለሁ። ያኔ ተመልሶ የአንድ አቅራቢ ዝርዝር ሆነ ማለት ነው ሃሃ።

የዓመቱ ቻርት

ቻርት አይዋሽም፣ ግን እናንተ ያልጠየቃችሁትን ነው የሚመልሰው። ግላስ አኒማልስ የሚባለው ባንድ "ሂት ዌቭስ" የወጣው 2020 ላይ ነው፣ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካው ቢልቦርድ ቻርት የዓመቱ አንደኛ የሆነው ግን 2022 ላይ ነው። የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን ደግሞ 1994 ላይ ወጥቶ እዛው ሆት 100 ላይ አንደኛ የወጣው 2019 ላይ ነው፣ 25 ዓመት። ቻርቱ የሚቆጥረው ስትሪሚንግ፣ የሬዲዮ ጨዋታና ሽያጭ ነው፣ "አዲስ" የሚል መስፈርት የለበትም። ሰው ሰብስባችሁ የምታስጨፍሩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ሁሉም አብሮ ይዘፍናላ። አዲስ ነገር ለማግኘት ከሆነ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የአድማጭ ድምፅ

የአውስትራሊያው ትሪፕል ጄ ሬዲዮ ሆተስት 100 የሚባለውን 1989 ላይ ጀመረ፣ ከ1993 ወዲህ የዚያን ዓመት ዘፈኖች ነው የሚያወዳድረው፣ አንድ ሰው እስከ 10 ዘፈን ይመርጣል፣ የ2019ኙ ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ግን እዚህም አለ። ጃንዋሪ 2015 ላይ ጣቢያው አጫውቶት የማያውቀውን የቴይለር ስዊፍት ዘፈን አንደኛ እናውጣው የሚል ዘመቻ ኢንተርኔት ላይ ተነስቶ ጣቢያው ዘፈኑን ከውድድሩ አስወጣው። ጆን ፒልም ፌስቲቭ ፊፍቲ የሚል የአድማጭ ምርጫ 1976 ላይ ጀምሮ ነበር፣ መጀመሪያ የሁሉም ዘመን ዘፈን ይመረጥ ስለነበር በየዓመቱ ያው የድሮዎቹ ይመለሳሉ፣ ከ1982 ጀምሮ ነው በዓመቱ ዘፈኖች የተወሰነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የምወደው የአንድ ጣቢያ አድማጭ ምን አይነት ሰው እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። ከሙዚቃው ይልቅ ሰዎቹን ታውቁበታላችሁ።

አልጎሪዝም

ሁለት ነገር አንቀላቅል። ዓመት ሲያልቅ የሚመጣው የስፖቲፋይ ራፕድ (Wrapped) ምናምን የሚባለው የዓመቱ ምርጥ አይደለም፣ መስታወት ነው፣ እናንተ የሰማችሁትን መልሶ ለእናንተ። ምክር የሚሰጠው እንደ ስፖቲፋይ ዲስከቨር ዊክሊ ያለው ነው፣ ከ2015 ጀምሮ በየሰኞው 30 ዘፈን ያመጣል፣ የሚሠራው በግርድፉ እናንተ የምትወዱትን የሚወዱ ሌሎች ሰዎች ፕሌይሊስታቸው ውስጥ ምን እንዳስገቡ እያየ ነው። ጎረቤት ያለውን ዘፈን በማግኘት ማንም አይስተካከለውም፣ የምር። ግን ዘፈኑ ለእናንተ አዲስ ሊሆን ይችላል እንጂ የዘንድሮ ላይሆን ይችላል፣ ከሰፈራችሁም ብዙ አያርቃችሁም። የገንዘብ ጥቅምም አለበት፣ ስፖቲፋይ 2020 መጨረሻ ላይ ያስተዋወቀው ዲስከቨሪ ሞድ የሚባለው አሠራር አርቲስቱ ወይም ሌብሉ ለመረጠው ዘፈን ዝቅ ያለ ክፍያ ሲቀበል ዘፈኑ በአንዳንድ የምክር ቦታዎች የበለጠ እንዲገፋለት ያደርጋል። አቅራቢ ቢያደርገው ምን እንደምንለው አስቡት።

ሽልማት

አጭር ላድርገው። ቦን ኢቬር የመጀመሪያ አልበሙን 2007 ላይ ራሱ ለቆ "ምርጥ አዲስ አርቲስት" የሚለውን ግራሚ የወሰደው 2012 ላይ ነው። አዲስ ሙዚቃ ፍለጋ ሽልማት ጋ አትሂዱ።

ሁሉም ባንድ ላይ

| ምንጭ | መራጩ | የዘንድሮ ነው? | የሚጠረጠረው | ያስገርማል? | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሬዲዮ አቅራቢ (ራሱ የሚመርጥ) | አንድ ጆሮ | አዎ፣ ዲሴምበር ይጎድላል | ሌብል፣ ኮንሰርት፣ ወዳጅነት | በጣም | ከ2 እስከ 7 ሰዓት |
| የሬዲዮ አቅራቢ (ጣቢያው የሚመርጥለት) | የሙዚቃ ኃላፊ | በአብዛኛው | የጣቢያው ንግድ | አያስገርምም | ዓመቱን ሙሉ ሰምታችሁታል |
| የተቺዎች ድምር | ብዙ ባለሙያ | አዎ፣ ዲሴምበር ይጎድላል | የጋራ ልማዳቸው | ከ30ኛ በታች አዎ | 33 ሰዓትና ከዛ በላይ |
| ቻርት | ብዛት | ሁሌ አይደለም | የትልልቅ ሌብል አቅም | አያስገርምም | 5 ሰዓት ገደማ |
| የአድማጭ ድምፅ | የጣቢያው ቤተሰብ | አዎ | ዘመቻ | አንዳንዴ | 6 ሰዓት ገደማ |
| አልጎሪዝም | የእናንተው ልማድ | ዋስትና የለም | የሚከፈልበት መግፊያ | ትንሽ | በሳምንት 2 ሰዓት |
| ሽልማት | የአባላት ድምፅ | የሚቆጥረው ጊዜ ሌላ ነው | የኢንዱስትሪ ግንኙነት | አያስገርምም | ይለያያል |

ታዲያ የቱን ልያዝ?

በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ላላችሁ፣ አንድ አቅራቢ ብቻ ያዙ። አምስት ዝርዝር ከፍቶ ከየአንዱ ሦስት ዘፈን መቅመስ ምንም አያስተምርም፣ የአንዱን ሰው 20 ዘፈን ከላይ እስከ ታች በሁለት ሳምንት መስማት ግን ቢያንስ ሰውየውን ያሳውቃችኋል፣ የሚቀጥለው ዓመት ይቀላል።

ለሙዚቃ ገንዘብ ማውጣት ለማትፈልጉ፣ ሬዲዮ ነፃ ነው፣ ብዙ ጣቢያዎች ያለፈውን ፕሮግራም ለተወሰነ ጊዜ መልሶ መስማት ይፈቅዳሉ፣ ዳታ ከከበዳችሁ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት። የዘፈን ዝርዝሩን ከለጠፉት ደግሞ የወደዳችሁትን ብቻ ለይቶ መፈለግ ነው።

አንድ ስልት ብቻ ለምትወዱ፣ ጃዝ ይሁን ሜታል ይሁን ሂፕሆፕ፣ ሁሉን አቀፍ ዝርዝር አይጠቅማችሁም፣ በየስልቱ አንድ ሁለት ብቻ ጣል ያረጋሉ፣ እነሱንም እናንተ ከነሱ ቀድማችሁ ሰምታችኋቸዋል። የዛን ስልት የማታ ፕሮግራም አቅራቢ ፈልጉ፣ ከሱ ጎን አልጎሪዝሙን አስቀምጡ፣ እዚህ ላይ የምር ጎበዝ ነው።

ከሙዚቃ ርቃችሁ ለቆያችሁ፣ ማለቴ የመጨረሻ አዲስ አልበም የሰማችሁት ተማሪ እያላችሁ ለሆነ፣ አልጎሪዝሙን ተጠንቀቁት፣ የሚያውቃችሁ በድሮው ስለሆነ እዛው ድሮ ውስጥ ያዞራችኋል። የአድማጭ ድምፅ ዝርዝር ጥሩ መግቢያ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ከዛ ወደ አቅራቢ እለፉ።

ጊዜ ያላችሁና ሱስ ያለባችሁ፣ ባህርያቸው የማይገናኝ ሁለት አቅራቢዎች ያዙና ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን አርጉት። ከበሮ ወዳዱና ግጥም ወዳዱ አንድ ዘፈን ላይ ከተገናኙ መጀመሪያ እሱን ስሙ፣ ሌላው ይደርሳል። እና ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ ሁለቱም ዲሴምበር ላይ ከወጡት ምን እያጫወቱ እንደሆነ እዩ፣ እነዛ ዘፈኖች አንዱም ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፣ የዘንድሮው ተዘግቶባቸዋል የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተረስተዋል። እኔ ለነሱ ብቻ የተለየ ፕሌይሊስት አለኝ፣ ስሙ "ወላጅ አልባ" ነው።